ከወርቅ የበለጠ አደራ

የአብደልባጊ አባት ትራስ አያውቁም ነበር። ሱዳን ውስጥ ከከሪማ ዶንጎላ በናይል ላይ በምትመላለሰው መርከብ የፖስታ ጠባቂ ነበሩ። ሌላው መንገደኛ ምንጣፉን ዘርግቶ ሲያንኮራፋ እሳቸው የደብዳቤውን ከረጢት አጋድመው እላዩ ላይ ይተኛሉ። ካፒቴኑ «ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ማን ይወስድብሃል? ዓሣ ነው የሚሰርቅህ?» እያለ ቢያላግጥባቸውም ንቅንቅ አይሉም። ለልጃቸውም አንድ ነገር ብቻ አስተምረውት ሞቱ፦ «የሰው አደራ ከጎንህ ሥር ካልሆነ፣ እንደሌለህ ቁጠረው።»

አብደልባጊ ይቺን ቃል ይዞ አደገ፣ ይዞ አገባ፣ ይዞ አረጀ። ሰውን የሚያጠፋው ሁልጊዜ ክፋቱ መቼ ሆነና! አንዳንዱንስ የሚያጠፋው ደግነቱ ነው።

ከካርቱም ማዶ ባለችው ባሕሪ ከተማ፣ ሸምባት ሰፈር ውስጥ አንድ የግል የሕክምና ኮሌጅ ነበር። አብደልባጊ እዚያ የተቀጠረው በጎረምሳነቱ፣ የተማሪ ውጤት በታይፕ ሊመታ ነው። ታይፑ በኮምፒውተር ሲተካ እሱ አልተተካም፤ ተማረና ቀጠለ። ውሎ አድሮ የመዝገብ ክፍሉ ኃላፊ ሆነ። ጋውን ለብሶ የሚንጎራደደው ዶክተር ሁሉ አብደልባጊን መንገድ ላይ ሲያገኘው አንገቱን ሰበር ያደርጋል፤ የሁለተኛ ዓመት ውጤቱን ያውቅበታላ!

ሚስቱ ኒዕማት አንዲት ልጅ ትታለት በወባ ሞተች። ልጅቱ ተስኒም ትባላለች። አባትየው ኮሌጅ ሲውል የሚያበላት፣ ፀጉሯን የሚጎነጉንላትና የሚቆጣት ሰው ግድግዳ የሚጋሯቸው ጎረቤት ሐጃ ሲታና ነበሩ። ሐጃ ሲታና ባል የሞተባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ፣ ምላሳቸው እንደ በርበሬ የሚለበልብ አሮጊት ናቸው። የሸምባት ሴት ባንክ አታምንም፤ ባሏንም አታምንም፤ ሐጃ ሲታናን ግን ታምናለች። የዕቁቡን ገንዘብ የሚይዙት እሳቸው፣ ዓረብ አገር የሄደችዋ የሙሽርነት ወርቋን የምትተወው እሳቸው ዘንድ ነው። የት እንደሚያኖሩት ማንም አይጠይቅም፣ መጠየቅም ነውር ነው። ከሰጪው እጅ ይቀበላሉ፣ በሰጪው እጅ ይመልሳሉ፤ በቃ።

ተስኒም ሕክምና ስትገባ ሐጃ ሲታና በመንደሩ ዞረው «ዶክተራ ወልጃለሁ!» አሉ። አንዷ ምቀኛ «አንቺ የት ታውቂና መውለድ?» ብትላቸው «አንቺ ከወለድሻቸው ሰባት ሥራ ፈቶች የኔ ያልተወለደችው አንዷ ትበልጣለች» ብለው አፏን አስያዟት።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። የኮሌጁ ዲን ዶክተር ሸውጊ ከአንድ ውጭ አገር ስብሰባ ሲመለሱ አዲስ ነገር ይዘው መጡ። «ማሽን እየገዛን፣ ጄነሬተር እያስጮኽን የምንኖርበት ዘመን አለፈ። ክላውድ፣ ደመናው ነው አሁን» አሉ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ የተማሪው መረጃ በሙሉ ባሕር ማዶ ባለ የአንድ ትልቅ ድርጅት ማሽን ላይ ይቀመጣል፣ እዚህ በኢንተርኔት እየከፈቱ መሥራት ነው። አገሪቱ ማዕቀብ ስላለባት ክፍያው ከካርቱም አይሄድም። ስለዚህ ዱባይ ያለ አንድ የቀድሞ ተማሪ በራሱ ስም፣ በራሱ ካርድ ይከፍልላቸው ጀመር። ሥራው ቀለለ። አብደልባጊ ግን እንቅልፍ አጣ። ከጎኑ ሥር ምንም የለማ።

ጥቂት ዓመት እንደቆየ፣ በምረቃ ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ገጹ አልከፈት አለ። ደጋግመው ቢጠይቁ «አገልግሎቱን ከተከለከለ አገር ስትጠቀሙ ስለተገኛችሁ ተዘግቶባችኋል» የሚል ድርቅ ያለ መልስ መጣ። እንግዲህ ማንን ይለምኑ? በር የለው፣ ዘበኛ የለው፣ ሽማግሌ የሚላክበት ቤት የለው። ዶክተር ሸውጊ ይጽፋሉ፤ የሚመልስላቸው ሰው ይሁን ማሽን አይታወቅም። የኮሌጁ በር ላይ ተማሪው ከነዘመዱ ተኮለኮለ። ለምረቃው ድግስ በሬ የገዛ አንድ አባት «በሬው ግቢዬን በልቶ ጨረሰው! የልጄ ውጤት የታለ?» እያለ ይጮኻል። አብደልባጊ ያን ሰው ቀና ብሎ ማየት አቃተው። በስንት አማላጅ፣ በስንት ደጅ ጥናት ገጹ ለጥቂት ቀን ተከፈተላቸው። እሱም ከወንበሩ ሳይነሳ፣ ፉሉን እዚያው እየጎረሰ ሁሉንም አወረደ። የመጨረሻዋ ፋይል ስትገባ ተነሥቶ ሁለት ረከዓ ሰገደና «ከእንግዲህ የሰው ቤት አናድርም» አለ።

ከዋናው ደረጃ ሥር የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫ የሆነች ጠባብ ክፍል ነበረች። እሷን አስጠረገና መረጃው የሚቀመጥበትን ማሽን፣ ሰርቨሩን፣ አስገባባት። የብረት በር አሠራላት። ኤሲ ገጠመ፣ ጣሪያው ላይ ሶላር ዘረጋ፣ ባትሪ ደረደረ። ካርቱም በሙሉ መብራት ጠፍቶባት ስትዳፈን የአብደልባጊ ክፍል ብቻዋን ታበራለች። የስግደት ምንጣፉን ሳይቀር እዚያው አኖረ። ጓደኞቹ ማሽኑን «ሁለተኛዋ ሚስትህ» ይሉበት ጀመር።

«ሙሽራይቱ እንዴት አደረች?»

«ቀዝቀዝ ብላ አድራለች፤ አልሐምዱሊላህ።»

እንዲህ እየተሳሳቁ ዓመታት አለፉ። ተስኒም አምስተኛ ዓመት ስትደርስ ማሌዥያ ተምራ የመጣች ዊጅዳን የምትባል ወጣት መምህርት ኮሌጁን ተቀላቀለች። ጎበዝ ናት፤ ቀጥተኛም ናት። አንድ ከሰዓት፣ መምህራኑ ግቢው ውስጥ ከኒም ዛፉ ሥር ሻይ በወተት ሲጠጡ አብደልባጊን ያዘችው።

«አጎቴ አብደልባጊ፣ ማሽንህን ጣላት አላልኩህም። እዚሁ ትኑርልህ። አንድ ቅጂ ብቻ ውጭ እናስቀምጥ ነው የምልህ። በማሌዥያ አድራሻዬ እከፍተዋለሁ፤ ማንም አያውቅብንም።»

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!» አለ አብደልባጊ ብርጭቆውን እያስቀመጠ። «አየናት እኮ ያቺን ላም። በምረቃ ሰሞን ጡቷን ከልክላ ጉድ ሠራችን።»

ሁሉም ሳቁ። እሷ ግን አለቀቀችውም።

«ያኔ የተቸገርነው ያለችን አንዲት ላም ሰማይ ላይ ስለነበረች ነው። አሁን ደግሞ አንዷኑ በረት ውስጥ ዘጋንባት። ምኑ ነው ልዩነቱ?»

«ልዩነቱማ፣ በረቱ የኔ ነው!»

«ቤት አይቃጠልም እንዴ?»

«ቤቱ ከተቃጠለ እኔም አብሬ ነው የምቃጠለው። ከዚያ ወዲያ ማን ይጠይቀኛል?»

ሳቁ አገረሸ። ዊጅዳንም ፈገግ አለች፤ ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «እሺ፣ አንተ ተቃጠል። ተማሪዎቹስ?» አለችው።

ለዚህኛው ሳቅ አልመጣም። ዶክተር ሸውጊ ጉሮሯቸውን ጠራርገው «በይ ተይው ልጄ፤ ያን ጊዜ አንቺ አልነበርሽም። እሱ ያለው ይሁን» አሉና ነገሩ እዚያው ላይ ቀረ። የሚያናድደው ሁለቱም ልክ ነበሩ። እሱ የተቃጠለበትን ያውቃል፤ እሷ የሚቃጠለው ታይቷታል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለው ለዚህ ነው።

ተስኒም የመጨረሻ ፈተናዋን የተፈተነችው ረመዳን ሊገባ ሲል ነው። ውጤቷን በገዛ እጁ ያስገባው አባቷ ነበር። ሁለት ጊዜ ተሳስቶ አረመ። ማሕተም ያለበት ወረቀቷ የሚወጣው ከዒድ በኋላ ነው ተባለ፤ ሁሉ ነገር ከዒድ በኋላ ነውና ማንም አልከፋውም። ሐጃ ሲታና ለምረቃው የሚከናነቡትን ረጅም ልብስ፣ ቶባቸውን፣ መርጠው በሰንደል አጠኑት።

በረመዳኑ መጨረሻ፣ የሸምባት ወንዶች እንደ ልማዳቸው ትሪያቸውን መንገድ ላይ አውጥተው አላፊ አግዳሚውን «በአላህ ሳታፈጥር አታልፍም!» እያሉ እጁን ሲጎትቱ በከረሙበት ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ጦርነቱ ፈነዳ። ወረቀቱም፣ ዒዱም፣ ምረቃውም ቀረ።

መጀመሪያ የሁለት ሦስት ቀን ነገር መስሏቸው ነበር። ሳምንታት አለፉ። መሣሪያ የያዙ ሰዎች ቤት ለቤት ይገቡ ጀመር። መኪና ወሰዱ፣ ወርቅ ወሰዱ፣ ከግድግዳ ውስጥ የመብራት ሽቦ እየመዘዙ ወሰዱ። ከድልድዩ ማዶ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ኮምፒውተሮቹ በሙሉ በጋሪ ተጭነው መሄዳቸው ሲሰማ አብደልባጊ አላስችል አለው። ተኩሱ ፋታ የሰጠ ዕለት በጓሮ በጓሮ ተሽለክልኮ ኮሌጁ ገባ። የብረቱን በር ከፍቶ፣ ሰርቨሩን ፈትቶ፣ ዲስኮቹን በሙሉ አወጣ፤ ዋናዎቹንም ቅጂዎቹንም፣ አንድ ሳያስቀር። የሁሉ ተማሪ ዕድሜ ተጠቅልሎ አንድ ጉያ ውስጥ ገባ። ባዶዋን ማሽን መልሶ ገጥሞ በሩን ቆለፈ። «ይቅር በይኝ» አላት ይባላል፤ እሱ ግን ይክዳል።

ለመሰደድ ወሰኑ። መንገዱ ሁሉ ኬላ ነው። ኬላው ላይ ዲስክና ሽቦ የተገኘበት ሰው ሰላይ ነው ተብሎ ከአውቶቡስ ይወርዳል፤ የወረደ ደግሞ መልሶ ሲሳፈር አልታየም። ተስኒም «ያባ፣ በልብሴ ሥር ልያዘው፣ ሴት አይፈትሹም» ብትለው ፊቱ ተለዋወጠ።

«ወረቀት ብዬ አንቺን ላጣ ነው? ዝም በይ!»

ሐጃ ሲታና ደግሞ አልሄድም ብለዋል። «በዚህ ዕድሜዬ የሰው አገር አንገረብ አልጋ ላይ አልተኛም። ሞት ከፈለገኝ ቤቴን ያውቀዋል» ብለው በራቸው ላይ ተቀምጠዋል። አብደልባጊ ዲስኮቹን በሟች ሚስቱ ቶብ ጠቅልሎ ይዞላቸው ገባ።

«ሐጃ፣ አደራ አለኝ።»

«ምንድነው እሱ? ጡብ ነው እንዴ? ከበደሳ!»

«የተስኒም ዶክተርነት ነው። የሌላውም ልጅ ሁሉ። እዚህ ውስጥ ነው ያለው፤ ሌላ ቦታ የለም።»

አሮጊቷ ጥቅሉን ደረታቸው ላይ ለጠፍ አድርገው ያዙት። «ብረት ነው እንጂ ምን ዶክተርነት አለው ይሄ» አሉ።

«ሐጃ፣ በኒዕማት አፈር ይዤዎታለሁ፣ እንደ ብረት እንዳያዩት። ከወርቅ ይበልጣል።»

«ከወርቅ?»

«ከወርቅ።»

«እንግዲያው አውቃለሁ የማኖርበትን» አሉ። የት ብሎ አልጠየቀም፤ ነውር ነዋ። ግንባራቸውን ሳማቸውና ወጣ።

ከሰላ ከተማ ገቡ። በአንድ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ከሌላ ተፈናቃይ ጋር መጋረጃ ጋርደው ተቀመጡ። ተስኒም በማግስቱ ሄዳ የከተማዋን ሆስፒታል በር አንኳኳች። ሐኪም ጠፍቶ ሰዉ መሬት ላይ ተኝቷል፤ የተማረ እጅ ሲያገኙ ደስ አላቸው። ግን «ወረቀትሽስ?» አሉ። ወረቀት የለም። «እንግዲያውስ እስኪመጣ ድረስ የደም ግፊት እየለካሽ አግዢን።» እስኪመጣ! ለካች፣ ቁስል አጠበች፣ ሽንት ቤት ጠረገች። የስምንት ወር ነፍሰ ጡር አጠገቧ ስታጣጥር ምን መደረግ እንዳለበት እያወቀች እጇን ወደ ኋላ አጣምራ እንድትቆም ተደረገች፤ ፈቃድ ያለው ሐኪም እስኪመጣ። ሐኪሙ ደረሰ፣ ሴትየዋም ተረፈች። ተስኒም ግን የዚያን ቀን ምግብ አልበላም አለች።

«ያባ፣ እኔ ምንድነኝ አሁን?»

«ዶክተር ነሽ።»

«ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ፤ በገዛ እጄ ነው ያስገባሁት።»

«አንተ ማወቅህ ምን ያደርግልኛል ያባ?» አለች። ክፉ ልጅ ሆና አይደለም፤ እውነቷን ነው። አብደልባጊ ዞሮ መጋረጃውን ያስተካከለ መሰለ።

ሌላውም ይደውልለታል። ካይሮ ያለው፣ ጁባ ያለው፣ ጅዳ ያለው። «አጎቴ አብደልባጊ፣ የኛ ነገርስ?» ሁሉንም «ደህና ቦታ ነው፣ አትስጉ» ይላቸዋል። ካይሮ የተሰደዱት ዶክተር ሸውጊ መዝገቡ ከመጣ ለሁሉም ወረቀት አወጣለሁ፣ ያለ መዝገብ ግን ጣቴን አላነሳም ብለዋል። ዊጅዳንም አንድ ጊዜ ደወለች። የጠየቀችው ስለ ተስኒም ጤና ብቻ ነው፤ ያቺን የሻይ ሰዓት ወሬ አላነሳችም። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

በመሃል አንድ ዕድል መጣ። የሸምባቱ ሹፌር ጊስመላ ሽንኩርት እየጫነ የሁለቱንም ወገን ኬላ የሚያልፍበት መላ አግኝቶ ነበር። «ከሽንኩርቱ ሥር ቀብሬ አመጣልሃለሁ፣ ማንም አያየውም» አለው። አብደልባጊ ከደስታው ብዛት ተንሰቀሰቀ። ጊስመላ ግን ባዶ እጁን ተመለሰ።

«አልሰጥም አሉኝ እኮ ያ ዞል! 'ከእጁ ተቀብያለሁ፣ በእጁ እመልሳለሁ። አንተማ የትናንት ልጅ፣ ሽንት ጨርቅህን ያጠብኩልህ፣ አደራ ምን እንደሆነ የት ታውቃለህ' ብለው በር ዘጉብኝ። በስልክ አገናኛቸዋለሁ ብል ኔትወርክ የለም።»

አብደልባጊ ሊቆጣ ፈለገ፤ ግን በምን ይቆጣ? እሱም በሳቸው ቦታ ቢሆን የሚያደርገው ይኸንኑ ነው። አባቱም ያደርጉት ነበር። «ደግ አደረጉ» አለ ሳይወድ በግድ። ከዚያ በኋላ የጊስመላ መንገድ ተዘጋ፣ የሸምባት ስልክም ጨርሶ ድምፁ ጠፋ።

ባሕሪ ነፃ ወጣች የተባለው ዓመት ከብዙ ወር በኋላ ነው። አብደልባጊ የመጀመሪያውን አውቶቡስ ያዘ። ተስኒም የሸኘችው ጋውኗን እንደለበሰች ነው፤ ያ ጋውን የጽዳት ሠራተኛ ጋውን ቢሆንም። «ይዤው እመጣለሁ» አላት። «አውቃለሁ» አለችው።

ሸምባት ሲደርስ ሰፈሩን በኮሌጁ ኒም ዛፍ ለየው፤ ቤቶቹማ በር የላቸውም፣ መስኮት የላቸውም። ጥይት ያልነካው ግድግዳ የለም። እግሩ መጀመሪያ የወሰደው ወደ ኮሌጁ ነበር። ጣሪያው ላይ ሶላር የለም። ወንበር፣ ኤሲ፣ ቧንቧ፣ የመጸዳጃ ቤት መቀመጫ ሳይቀር ሄዷል። ዋናው ደረጃ በከባድ መሣሪያ ተመትቶ ተደርምሷል። የብረቱ በር ከፍርስራሹ ኋላ መኖሩ እንኳ አይታይም። ሰፈሩን ሊያጸዱ የመጡ ጎልማሶች አካፋ ይዘው ረዱት። ድንጋዩ ሲነሳ በሩ ብቅ አለ፤ ቁልፉ እንዳለ ነው። ከፈተው።

ክፍሏ እንዳለች ናት። ማሽኗ ቆማለች፣ አቧራ እንኳ ብዙ አልነካት። የስግደት ምንጣፉ እንዳጠፈው አለ። ሰውን ሁሉ የዘረፉት እጆች እዚህች ጋ አልደረሱም። ፍርስራሹ ሸሽጓታል።

አብደልባጊ ሳቀ። መጀመሪያ ምን እንዳየ አልገባውም ነበር። አላህ የጠበቀልኝ ነው፣ ይሄ ከተረፈ ሁሉም ተርፏል አለና ለተስኒም ደወለላት። «ክፍሏ ደህና ናት ልጄ! አልነኳትም!» በስልኩ ውስጥ ስትጮኽ ሰማ። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ነው ልቡ ቀስ እያለ ነገሩን ያመጣው። ዲስኮቹን እዚህ ቢተዋቸው ኖሮ ዛሬ እጁን ዘርግቶ ይወስዳቸው ነበር። «ደግ፤ ሐጃ ዘንድ ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ደህና ናቸው» ብሎ ራሱን ገሠጸና ወደ ጎረቤቱ ሄደ።

ሐጃ ሲታና ግቢያቸው ውስጥ አንገረብ ላይ ተቀምጠዋል። ከስተው አጥንት ሆነዋል። ግራ ክንዳቸው ተሰብሮ ተጣምሞ ነው የገጠመው። እሱን ሲያዩ እንደ ድሮው «መጣህ አንተ ቅል ራስ!» አላሉትም። ቶባቸውን ስበው ፊታቸውን ሸፈኑ። የውሃ ጋን ከሚቆምበት ሥር መሬቱ ተቆፍሮ ጉድጓዱ አፉን ከፍቷል።

አብደልባጊ ጉድጓዱን አየ። ከዚያ ወዲያ መጠየቅ አላስፈለገውም።

«ከወርቅ ይበልጣል አልከኝ» አሉ ከቶቡ ውስጥ። «ስለዚህ ከወርቁ ጋር አስተኛሁት። የሴቶቹ ወርቅ ያለበት ሣጥን ውስጥ፣ ከሁሉ በላይ አድርጌ። ሲታና ወርቅ ትይዛለች ብሎ የነገራቸው ሰው አለ። መጥተው ቆፈሩ። 'ወርቁን ውሰዱት፣ ይቺን ጥቅል ብቻ ተዉልኝ፣ ብረት ናት፣ ምንም አትሠራላችሁም' አልኳቸው። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። በለመንኳቸው ቁጥር እነሱ ይበልጥ ፈለጓት። 'ወርቁን ጥሎ ለዚህ የሚያለቅስ ሰው ይሄ ምን ቢሆን ነው?' ተባባሉ። ይዣት አለቅም ስል ክንዴን ሰበሩት።»

አብደልባጊ አንገረቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች! ከብረት በሩ ኋላ አስተማማኝ የነበረውን በገዛ እጁ አውጥቶ፣ ከወርቅ ይበልጣል ብሎ፣ ወርቅ ለሚፈልግ አስረከበ። ኮተት ነው ብሏቸው ቢሆን ኖሮ ከአሮጌ ድስት ጋር ተጥሎ ይገኝ ነበር። ያቺን አንዲት ቅጂ በዊጅዳን እጅ ሰጥቶ ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ ወሬ ባልነበረ።

«ስለ ወርቁ ሴቶቹን ይቅርታ ጠይቄ ጨርሻለሁ፤ ምረውኛል» አሉ ሐጃ ሲታና። «የቀረኸኝ አንተ ነህ። ብዙም አልቆይ። አደራ በልቼ አላህ ፊት እንዴት እቆማለሁ? ይቅር በለኝ አብደልባጊ ልጄ። ከልብህ ከሆነ በለኝ፤ ካልሆነም አልፈርድብህም።»

ክንዳቸውን አየው። እውነቱን ቢነግራቸው ይቺ አሮጊት ያንን ይዛ ነው የምትቀበረው። አንጀቱ አልቻለም።

«ሐጃ፣ ስለ ምን ያለቅሳሉ? እርስዎ ዘንድ የነበረው ቅጂው ነው። ዋናውማ ማሽኑ ውስጥ ነበር። አሁን ከዚያ ነው የመጣሁት፣ ክፍሏን ከፍቼ አየሁ፣ አልነኳትም። ጎልማሶቹን ይጠይቁ።»

ቶቡ ከፊታቸው ወረደ። «ወላሂ በል።»

«ወላሂ፣ ክፍሏን አልነኳትም» አለ። ይሄኛው ውሸት አይደለም።

ሐጃ ሲታና በአንድ ክንዳቸው ተደግፈው ተነሡ። በዚያ በባዶ ሰፈር፣ በዚያ በተቦረቦረ ግድግዳ መሃል እልልታቸውን አቀለጡት። ፍርስራሽ ሲያነሱ የነበሩት ጎልማሶች አካፋቸውን ጥለው ደንግጠው መጡ፤ በሸምባት እልልታ ከተሰማ ስንት ጊዜው! «ደውልላት!» አሉ። «ደውልላት እኔ ልንገራት! ይሄን ያህል ዓመት ለዚህ አይደለም እንዴ ነፍሴን የያዝኳት?»

«በኋላ ሐጃ፣ ኔትወርኩ…»

«ወግድ! አሁን በስልክ ስታወራ ሰምተውሃል እነዚህ። አምጣ!»

ስልኩን ከእጁ ነጥቀው ለአንዱ ጎልማሳ «ተስኒም የሚለውን ምታልኝ» አሉት። ተስኒም አነሳች። «ዶክተራ!» አሉ ሐጃ ሲታና፣ «ዶክተራዬ! ተገኝቷል ልጄ፣ ሁሉም ተገኝቷል! አባትሽ አይቶታል!» ከዚያ እንደገና እልል አሉ። ከስልኩ ውስጥም መልስ መጣ፤ መጀመሪያ የተስኒም ልቅሶ፣ ቀጥሎ የሌሎች ሴቶች እልልታ። የሆስፒታሉ ነርሶች ከበዋታል።

ስልኩን መለሱለት። ዓይናቸው በርቶ እያዩት ነው።

«ያባ?» አለች ተስኒም። «እውነት ነው?»

«እዚህ አይሰማኝም፣ ቆይ ልውጣ» አለና ተነሣ። የጉድጓዱን አፍ ዞሮ፣ በር በሌለው በር ወጥቶ፣ ከኮሌጁ ኒም ዛፍ ሥር ቆመ።

«ያባ? አሁንስ ይሰማሃል?»

«ይሰማኛል። ተስኒም፣ ብቻሽን ነሽ?»

«ኧረ የምን ብቻ! ዋናው ሐኪም ሳይቀር እዚህ ናቸው፤ ሁሉም እያቀፉኝ ነው። ነገ ጀምሪ አሉኝ ያባ!»

እልልታው ከዚያም ከዚህም ይሰማዋል። ዓይኑን ጨፈነ።

«እንግዲያው ትንሽ ወጣ በይ ልጄ» አላት።